ወለሉ ነው ወይስ ጠረጴዛው?

ወዳጄ፣ ቡና ቤት ገብተህ፣ ማኪያቶህ ቀርቦልህ፣ በክርንህ ገና ደገፍ ከማለትህ ጠረጴዛው ዘንበል ይልና ግማሹን ሰሃኑ ላይ ይደፋብሃል። ያኔ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? ልንገርህ፣ ሁላችንም የምናደርገውን ነው። በመዳፍህ ግራና ቀኙን ጫን ጫን እያደረግህ የትኛው እግር አየር ላይ እንደቀረ ትፈልጋለህ። ከዚያ አስተናጋጇን ትጠራለህ። ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቆርኪ ይዛ ትመጣና ጎንበስ ብላ እግሩ ሥር ትሸጉጣለች። ቆርኪው ይበዛበታል፤ አሁን ደግሞ ሌላው እግር ይነሳል። ቆርኪው ወጥቶ የሲጋራ ፓኮ ለሁለት ይታጠፋል። ያንሳል። ለአራት ይታጠፋል። እሰይ፣ ልክ ሆነ! ማኪያቶህን ሳትጨርስ ግን ካርቶኑ ይጨፈለቅና ጠረጴዛው ወደ ጠባዩ ይመለሳል።

ለመሆኑ ጥፋተኛው ማን ነው? ወለሉ ነው ወይስ ጠረጴዛው? ይህን ለማወቅ አናጢ መጥራት አያስፈልግም። ጠረጴዛውን ሩብ ዙር አዙረው። መወዛወዙ ከእግሩ ጋር አብሮ ከዞረ እግሩ አጥሯል፤ በነበረበት ቦታ ከቀረ ወለሉ ነው። የሒሳብ ሰዎች ደግሞ ነገሩን አጥብቀው ይዘውት አንድ ደስ የሚል ነገር አረጋግጠዋል፤ አራቱም እግሮቹ እኩል የሆኑ፣ ጎኖቹም እኩል የሆኑ ጠረጴዛ፣ ደረጃና ስንጥቅ በሌለው ወለል ላይ ወለሉ ትንሽ ወጣ ገባ ቢልም፣ ከሩብ ዙር ሳያልፍ አራቱም እግሩ መሬት የሚነካበትን ቦታ ያገኛል። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አስተናጋጇን ከማስቸገርህ በፊት ጠረጴዛውን ቀስ አድርገህ አሽከርክረው። ሰው ግራ ገብቶት ቢያይህም ግድ አይስጥህ።

አባቶቻችን ግን በዚህ ጣጣ ውስጥ መች ገቡ! በርጩማውን ተመልከተው፤ ሦስት እግር ነው። ሦስት እግር ያለው ነገር ገደል አፋፍ ላይ ብታስቀምጠው እንኳ ያዘነብል ይሆናል እንጂ አይወዛወዝም፤ ሦስቱም ነጥብ ሁልጊዜ መሬት ይነካሉ። ጉልቻም ሦስት የሆነው ለዚሁ ነው። አራት ጉልቻ ቢሆን ኖሮ ድስቱ ሥር ስንት ጠጠር ስንሸጉጥ በኖርን! ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ወጡን ግን አያስደፋም። ትዳር መያዝንም ሦስት ጉልቻ መመሥረት ያልነው በከንቱ አይመስለኝም። መጣላት ይኖራል፣ ማዘንበል ይኖራል... ተወው፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

አቦሉን ጠጣህ? እንካ ቶናውን። ላወራህ የፈለግሁት ስለ ሽብልቅ ነው።

አትሳቅ። አውቃለሁ፣ ሰው ስለ አገር ያወራል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ እኔ ስለ እንጨት ቁራጭ። ግን እስቲ ቤትህን ዞር ዞር ብለህ እየው። የቁም ሣጥንህ በር ራሱን በራሱ አይከፍትም? ቡፌው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር አይንጫጩም? የጓዳው በር በክረምት ካልተረገጠ የማይዘጋው ለምንድን ነው? ለዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ያቺ ከጣት የማትወፍር እንጨት ናት። ውሻል የሚሏትም አሉ። አንድ ጫፏ ወፍራም ነው፣ ወደ ሌላው ጫፍ እየሳሳች ሄዳ ከነጭራሹ ታልቃለች። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የላትም።

ምሥጢር የላትም አልኩ እንጂ አላት። ርዝመቷ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ወፍራሙ ጫፏ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሽብልቅ ያዝ። ከቁም ሣጥኑ እግር ሥር 2.5 ሳንቲ ሜትር ብትገፋት ቁም ሣጥኑን የምታነሳው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህቺ ናት። እጅህ ብዙ ይሄዳል፣ ዕቃው ጥቂት ይነሳል፤ በዚያው ልክ ጉልበትህ ይበረታል። ሁለት ሰው ተጋግዞ የማያነሳውን ቁም ሣጥን ልብስህን ሳታወጣ በመዶሻ ጠቅ ጠቅ እያደረግህ ብቻህን ታስተካክለዋለህ። ታዲያ ያ ሁሉ ክብደት ተጭኗት ወደኋላ ተንሸራትታ ለምን አትወጣም? ዳገቷ ቀላል ስለሆነ ነው። እንጨትና እንጨት ሲፋተጉ የሚይዙት ከመንሸራተቱ ይበልጣል። አጭርና ወፍራም አድርገህ ከጠረብካት ግን እንቢ ትላለች፤ በመታሃት ቁጥር ተስፈንጥራ ትወጣለች። ስለዚህ ቀጭንና ረዘም ያለች ትሁን።

አንድ ሽብልቅ ብቻ ከሸጎጥክ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ላይዋ ያዘነበለ ስለሆነ የተጫናት ዕቃ በአንድ ጠርዝ ብቻ ይቀመጥባታል፣ ውሎ አድሮ ፍሬሙን ያጣምመዋል። ሊቅ አናጢ ሁለት ይጠቀማል። አንዷን ከፊት፣ አንዷን ከኋላ፣ ልጆች ሆነን እንግዳ ሲመጣ አንድ አልጋ ላይ ራስና ግርጌ ሆነን እንደምንተኛው፣ የአንዷ ወፍራም በሌላዋ ቀጭን ላይ ይተኛል። ያኔ ላይና ታቹ እኩል ይሆናል፤ ሁለቱን ይበልጥ ስታቀራርባቸው ውፍረታቸው ይጨምራል፣ ስትጎትታቸው ይቀንሳል። ለአራት የታጠፈ የሲጋራ ፓኮ ይህን ከየት ያመጣዋል?

የሠፈራችን አናጢ በር ሲሰቅል ቆሞ ማየት ደስ ይለኛል። ግንበኛው በተወለት ቀዳዳና በበሩ ፍሬም መካከል በየጎኑ አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። የማያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ግንበኛው የተሳሳተ ይመስለዋል። ኧረ ምን በወጣው! ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅም፤ ፍሬሙ ጥብቅ ብሎ ቢገባ ኖሮ የግድግዳውን ጠማማነት ሁሉ ወርሶ ይቀር ነበር። ክፍተቱ የተተወው ሽብልቁ እንዲሠራበት ነው። አናጢው መጀመሪያ የማጠፊያውን በኩል ያቆማል፤ የበሩ ሸክም እዚያ ነውና። ቱንቢውን ይሰቅላል። ሽብልቆቹን ከሸሚዝ ኪሱ እያወጣ ከእያንዳንዱ ማጠፊያ ጀርባ ጥንድ ጥንድ ያስገባል፣ ቀጥሎም ከቁልፉ ፊት ለፊት። ረዳቱ መዶሻ ይዞ ያቁነጠንጠዋል።

«ጋሼ፣ ልምታው?»

«ምን አስቸኮለህ! ቱንቢው ገና መች ቆመና?»

እውነትም ክሩ ገና ይወዛወዛል። ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሲረጋ ሰውየው በመዶሻው እጀታ ግርጌ ሽብልቋን መታ ያደርጋል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና መታ። መጀመሪያ ድምፁ ባዶ ነው፣ ቷ ይላል። ስትጠብቅ ጠቅ ይላል። ከዚያ በላይ አንዲት ምት አይጨምርም፤ ቢጨምር ፍሬሙ ሆዱን ወደ ውስጥ ያወጣና በሩ አልዘጋም ይላል። ምስማሩንም ሆነ ቡሎኑን የሚያስገባው በሽብልቋ ላይ እንጂ በባዶው ክፍተት ላይ አይደለም። በዙሪያው በበሩና በፍሬሙ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል አየር ይተዋል። አሁን አሁን ሽብልቁን ትተው ክፍተቱን በፎም ብቻ የሚሞሉ አሉ። ፎም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሲያብጥ ይገፋል፤ ከጀርባው የሚመክት እንጨት የሌለውን ፍሬም አጣሞት ያርፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንተ ቤት ያለው በር ግን ከተሰቀለ ቆይቷል፤ ፍሬሙን አንቀል አልልህም። በሩ ከላይ በእጀታው በኩል ያለው ጥግ ፍሬሙን የሚፍቅ ከሆነ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ ቡሎኖች አጥብቅ፤ የበሩ ክብደት ወደ ውጭ የሚጎትተው እሱን ነው። ጠብቆም ካልተሻለው የታችኛውን ማጠፊያ ፍታና ከጀርባው የመድኃኒት ካርቶን ቆርጠህ አስገባለት። እዚህ ላይ ካርቶን ይበቃል፤ በብረትና በእንጨት መካከል ተጨፍልቆ የሚሄድበት የለም። ከታች ትንሽ ሲገፋ ከላይ ያ ጥግ ቀና ይላል። አንዳንዴ አንድ ንጣፍ ይበቃዋል።

መላጊያ ይዘህ ከመምጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንህ። በሐምሌና በነሐሴ በር አትላግ! የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ እንጨት ነው፤ የታመመ አይደለም። አሁን ከላግከው ጥቅምት ገብቶ ፀሐዩ ሲያደርቀው ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይዞ ይጠብቅሃል፤ ያኔ ብርዱም አቧራውም ይገባል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ አሉ። የላጉትን መልሶ የሚቀጥል መላጊያ አልተሠራም። በጋውን ጠብቀህ ያኔም የሚፍቅ ከሆነ እንነጋገር።

እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱና በውፍረቱ ነው፤ በርዝመቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። ስለዚህ እርጥብ ሽብልቅ ዛሬ ብትሸጉጥ ስትደርቅ የምታጣው ያንኑ የፈለግኸውን ውፍረት ነው። ትላላለች፣ ትወድቃለች። በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት ባሕር ዛፍ እርጥብ ሆኖ ሲሸጥ በዚህ የታወቀ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የደረቀ ዝግባ ለሥራው ይመቻል፣ ልስልስ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ምስጥና እርጥበት ያለበት ቦታ ከሆነ ጽድ የሚያህል የለም። ደግሞ በመጋዝ ከተቆረጠው ይልቅ ጭረቱን ተከትሎ የተፈለጠው ይሻላል፤ ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚሄድ ሲመቱት አይሰበርም።

መጥረቢያና መዶሻስ? እሱም ያው ሽብልቅ ነው። እጀታው ወደ ብረቱ ጆሮ ይገባና ከላይ በተሰነጠቀው ጫፍ ሽብልቅ ይመታበታል፤ እንጨቱ ጆሮው ውስጥ ይሰፋል፣ አይወጣም። ሲላላ ብዙ ሰው ባልዲ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ለዛሬ ያገለግላል። እንጨቱ ግን ብረቱ አላስፋፋ ስላለው በራሱ ላይ ይጨፈለቃል፣ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። የመጥረቢያ ብረት ከእጀታው ሲወጣ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ሽብልቁን ቀይርለት።

ስለ ምጣድ ሳላወራህ ብተው ደግሞ ቤተሰቡ ይቀየመኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበትን ጓዳ አስብ። ወለሉ ሊሾ ነው፣ ሊሾ ሲሠራ ደግሞ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ በሩ ዝቅ ተደርጓል። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል ዞሮ ሲያልቅ ዝቅ ወዳለው በኩል ይፈስሳል። እንጀራው በአንድ ጎኑ ወፍራምና ያልበሰለ፣ በሌላው ጎኑ ስስና የደረቀ ይሆናል፤ ሲነሳም ይቀደዳል። ሊጡ ቀጠነ ይባላል፣ እርሾው ነው ይባላል፣ ጤፉ ተቀላቅሏል ተብሎ ነጋዴው ይታማል። እስቲ የምጣዱ ሞቅታ ሳይነሳ በፊት ጥቂት ውሃ መሐሉ ላይ ጠብ አድርገህ ወዴት እንደሚሄድ እይ። ወደ ሄደበት በኩል ያለውን እግር አንሳ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። እዚህ ላይ ግን እንጨቷ ከሚግለው የምጣዱ አካል ራቅ ብላ ከእግሩ ሥር ብቻ ትሁን፤ እሳትና ሽብልቅ አይዋደዱም። ለማቀዝቀዣና ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ እንጨት አትፈልግ፤ አብዛኞቹ እግራቸው ሲዞር የሚረዝምና የሚያጥር ነው። ማጠቢያ ማሽን በተለይ ልብስ ሲጨምቅ ስለሚንዘፈዘፍ ሽብልቁን አራግፎ ይጥለዋል።

ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋልና፣ አክሱም ሄደህ ታውቃለህ? ከሄድክ ሐውልቶቹን አይተህ ብቻ አትመለስ። ከከተማው በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጎቦድራ የሚባል ኮረብታ አለ፤ ድንጋዩ የተፈለጠው እዚያ ነው። አለቱ ላይ በቀጥታ መስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ታያለህ፤ የሽብልቅ ማስገቢያ ናቸው። ሳይፈለጥ የቀረም አለ፤ መስመሩ ተቆፍሮ ተዘጋጅቶ ድንጋዩ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጧል። ወድቆ የተሰበረውን ትልቁን ሐውልት ብትለካው 33 ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ያንን የሚያህል ድንጋይ ከእናቱ የሚለየው በአንድ ትልቅ ምት ሳይሆን በየጉድጓዱ በተሸጎጡ ትንንሽ ሽብልቆች ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? እዚያው ኮረብታ ላይ አለት ላይ የተቀረጸች አንበሳም አለች፤ ጎራ በልላት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ በዚህ ነገር አይቸገሩም። እዚያ ሽብልቅ በእሽግ ታስሮ ይሸጣል፤ የጽድ ዘመድ ከሆነ እንጨት የተሠራ፣ ሁሉም እኩል የሳሳ። ብዙው ቤት ግድግዳው የእንጨት ቋሚ ስለሆነ በርም ከነፍሬሙ፣ ከነማጠፊያው ተሠርቶ ይመጣል፤ የሚቀረው ቀዳዳው ውስጥ አቁሞ ዙሪያውን በሽብልቅ ማስተካከል ነው። ቤት ገዝቶ የባለሙያ ዋጋ ሲሰማ የደነገጠ ሐበሻ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አናጢ ሆኖ ያገኘኸዋል። እዚህ አገር ምስማር ይምታ አይምታ የማታውቀው ሰው ስልክ ደውሎ ስለ ውሃ ልክ ሲያስረዳህ ትሰማለህ።

ሽብልቅ ግን መድኃኒት የማይሆንለት በሽታ አለ፤ እሱን ሳልነግርህ ብለይህ ወዳጅ አልባልም። ቤትህ ኮተቻ አፈር ላይ ነው የተሠራው? በአዲስ አበባ ወደ አቃቂና ወደ ቦሌ ዝቅ ባለው በኩል እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር ብዙ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እግር የሚያሰጥም ስንጥቅ ይከፍታል። መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ቤቱም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ዘንድሮ በሩን በሽብልቅ አስተካከልህ፣ ዓመት ሳይሞላ እንደገና ተንጋደደ። ከበሩ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያ የሚሮጥ ስንጥቅ ካየህ፣ ስንጥቁም ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ከሆነ፣ ሽብልቁን አስቀምጥ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና ቀኑን ጻፍበት። ምልክቱን አልፎ ከሄደ የምትጠራው አናጢውን ሳይሆን መሐንዲሱን ነው። የጣሪያው ውሃ መሠረቱ ሥር እየወረደ እንደሆነም እይ፤ አንዳንዴ አሸንዳ መጠገን ብቻውን ነገሩን ያበርደዋል። እየተንቀሳቀሰ ባለ ቤት ላይ ሽብልቅ መደርደር፣ ባለሙያ ነኝ የሚል ሲያደርገው ሳይ ያናድደኛል። ገንዘብ ይቀበላል፣ በሩ ለሰርጉ ቀን ይዘጋል፣ ከዚያ ስልኩን አያነሳም።

የቆመ ቤት ከሆነ ግን ግባበት። ጨርሰህ የተረፈውን ጫፍ ስታስወግድ በመጋዝ እየነዘነዝክ አታላላው፤ ስለታም ቢላ ይዘህ በፍሬሙ ጠርዝ ልክ ከላይም ከታችም ጠለቅ አድርገህ ጫረውና ወደ ታች ሰበር አድርገው፣ ጠቅ ብሎ ይለያል። እንዳይንሸራተት የምትፈልገው ቦታ ላይ ጠብታ ኮላ አድርግ፤ በኋላ ማስተካከል ይኖርብኛል ካልክ ኮላውን ተወው።

ሽብልቁን የት አገኛለሁ ካልከኝ፣ የትኛውም አናጢ ቤት ደጃፍ ላይ ቁርጥራጭ ተከምሯል። ከረጢት ይዘህ ሂድ፣ ደረቁን፣ ቀጥ ያለ ጭረት ያለውን፣ ጉጥ የሌለበትን ምረጥ። ዋጋ ብትጠይቅ ይስቁብሃል፤ ለማገዶ ነው የሚያወጡት። ረዳቱ ልጅ ግን ቆሞ ካስመረጠህ የሻይ ሳትሰጠው እንዳትመጣ።